የምርምር ረዳት ወይስ የአስተዳደር ሠራተኛ? በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያመለክቱ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ለአስተዳደር መደብ ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚመዘነው ወረቀት ነው። ኦርጅናሉ ከማይመለስ ኮፒ ጋር ይቀርባል። የግል ድርጅት የሥራ ልምድ ከሆነ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብና በስንት ደመወዝ እንደተሠራ ካልገለጸ፣ የሥራ ግብር መከፈሉንም ካላሳየ አይያዝም። ብዙ ሰው ፈተና ላይ ሳይደርስ የሚወድቀው እዚችው ላይ ነው።

ምርምሩ ጋ ወረቀቱ ይቀላል፤ የሚታየው እጅ ነው፦ መጠይቅ በኮቦ (የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ) ታብሌት ላይ መጫን፣ መረጃ ማጽዳት፣ በስታታ ወይም በኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች) መተንተን። ውሉ ግን ከፕሮጀክቱ ዕድሜ አያልፍም። በጀት ከዘገየ ክፍያው ይዘገያል። ክረምት ላይ ደግሞ የጮቄ ተራራ ግርጌ ቀበሌዎች መንገድ ጭቃ ነው፤ የመስክ ሥራው ወደ መኸር ከተገፋ የቀን አበሉም አብሮ ይገፋል። ከመፈረም በፊት ክፍያው በወር ይሁን በተሞላ መጠይቅ ቁጥር ይጠየቅ፤ በመጠይቅ ከሆነ፣ ለእርማት ተመላሽ የተደረገውን መጠይቅ ማን እንደሚከፍልም (አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው)።

ቋሚው የአስተዳደር መደብ ደመወዙ ቀጭን ቢሆንም ጡረታ አለው፦ ከሠራተኛው 7፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ። ሁለተኛ ዲግሪ ላሰበ ምርምሩ ይሻላል፤ ኪራይና ልጅ ላለበት አስተዳደሩ።