ስምንት ወር ከሩቢዲየም ሰዓት ጋር፦ ያልታሰበው የምሽት ችግር

መጋቢት ውስጥ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ የዋለው፣ የሰዓቴን ልዩነት የሚያሳየው መስመር በኮምፒውተሩ ላይ ይዘል ጀመር። ይታዩ ከነበሩት አሥራ አንድ ሳተላይቶች አራት ብቻ ቀሩ፤ በሩቢዲየሙ ምትና ከሳተላይት በሚመጣው ምት መካከል ያለው ልዩነት ከ70 ናኖ ሴኮንድ (ናኖ ሴኮንድ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ነው) አለፈ። አንቴናው የተበላሸ መስሎኝ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ገመዱንም ቀየርኩ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ያው ሆነ።

ዕቃው የጂፒኤስ መቀበያ የተገጠመለት፣ ያገለገለ የሩቢዲየም ሰዓት፣ ማለትም ጊዜን በሩቢዲየም አተሞች የሚለካ የአቶም ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላለው የመለኪያ መሣሪያዎች ጥገና ቤቴ ጥቅምት ላይ ገዛሁት። ሩቢዲየም ብቻውን ሲተው ቀስ በቀስ ይሳሳታል፤ የጂፒኤስ ጊዜ ደግሞ ዋሽንግተን ካለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥነ ፈለክ ጣቢያ ጋር እየተነጻጸረ ስለሚታረም፣ መቀበያው በዚያ አማካይነት ሰዓቱን ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ቆይቷል። በሌላው ሁሉ ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ ያለው ከራሳችን ሰማይ ላይ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚህ ቀበቶ ላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖችን የሚለቅበት የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ ይታመሳል፤ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው ክፍሎች እንደ አረፋ ወደ ላይ ይነሳሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ሲግናልም ይርገበገባል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም ይብሳል። መቀበያዬ ደግሞ የሚሰማው አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው። ሳተላይቶቹ የሚያሰራጩት የማረሚያ ቀመር አዮኖስፌር ከሚያመጣው መዘግየት የሚቀንሰው ግማሽ ያህሉን ነው። መዘግየቱ በሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ላይ እኩል ስላልሆነ፣ ሁለቱንም የሚሰማ መቀበያ ልዩነቱን ለክቶ ያወጣው ነበር።

ሻጩ «መግለጫው ላይ ከ20 ናኖ ሴኮንድ በታች ተብሎ ተጽፏል» ይለኝ ይሆናል። የት አገር ተለክቶ? በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት? እዚህ ጣሪያዬ ላይ መጥቶ አንድ የመጋቢት ምሽት ይለካልኝ! «ለጥገና ቤት ይህ ምን ያደርጋል?» ቢለኝም መልስ አለኝ። ደንበኛ የሚያመጣው መለኪያ የሚታረመው በእኔ ሰዓት ነው፤ ስህተቴን ተሸክሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህን ቀላል ነገር አድርጌ ማየት አልችልም።

አሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት መቀበያው ሰዓቱን እንዳይነካ አድርጌዋለሁ። በእነዚያ ሰዓታት ሩቢዲየሙ ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ሰማዩ ረግቶ መልሼ ሳነጻጽረው ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ናኖ ሴኮንድ አይበልጥም። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሩቢዲየሙን ዛሬም ቢሆን ደግሜ እገዛዋለሁ። በመቀበያው ግን ተጸጽቻለሁ፤ ለሁለት ፍሪኩዌንሲው የሚጨመረውን ገንዘብ መሰሰቴ እስከ አሁን ያናድደኛል። ገንዘቡን እያጠራቀምኩ ነው፤ መስከረም ሳይጠባ ይገዛል።