ስታርቲንግ ፒቸር በዶላር ይገዛ ወይስ በልጆች ይለወጥ? ለኦሪዮልስም ለናሽናልስም ደጋፊዎች

የቤዝቦሉ ሲዝን አልቆ ኖቬምበር ሲገባ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደጋፊ ጓደኞቼ "ዘንድሮስ ማንን እናምጣ?" ይሉኛል፣ አሌክሳንድሪያ ያሉት የዋሽንግተን ናሽናልስ ልጆች ደግሞ "ፕሮስፔክቶቹን (ተስፋ የተጣለባቸውን ወጣቶች) ሰጥተን አሪፍ ስታርተር እንውሰድ ወይስ ባለቤቶቹ ብር ያውጡ?" እያሉ ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም አንዴ እዚህ ልዘርግፈው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ስታርቲንግ ፒቸር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚጀምረው ኳስ ወርዋሪ፣ የሚገዛው በልጆች ነው። ማይነር ሊግ (ታችኛው ሊግ) ያሉትን ፕሮስፔክቶች ሰጥቶ፣ ዕድሜው ከ27 ያልዘለለ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ኮንትሮል የቀረው ፒቸር አምጥቶ፣ ውሎ ሳያድር ረጅም ኮንትራት ማስፈረም። ሠላሳ ለሞላው ፒቸር የሰባት ዓመት ዶላር መቁጠርን እኔ አልደግፍም፣ ከአንድ ሰው በስተቀር፣ እሱ ጋ እመጣለሁ።

ኮንትሮል የምለው ገብቷችኋል አይደል፣ አንድ ተጫዋች ትልቁ ሊግ ላይ ስድስት ዓመት እስኪሞላው የክለቡ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ዝቅተኛውን ደሞዝ ወይ ከዛ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ በ2025 ዝቅተኛው 760 ሺህ ዶላር ነበር፣ ከዛ አርቢትሬሽን (ካልተስማሙ ደሞዙን ገለልተኛ ዳኛ የሚወስንበት) ይገባና ደሞዙ ከዓመት ዓመት ይጨምራል፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው ፍሪ ኤጀንት ሆኖ ገበያ የሚወጣው። ስለዚህ ፍሪ ኤጀንት ስትገዙ የሚመጣላችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 29 ወይ 30 ዓመቱ ነው። ምርጡን ጊዜውን ሌላ ክለብ በርካሽ ተጠቅሞበታል፣ እናንተ የምትከፍሉት ከዛ በኋላ ላለው ነው፣ ያውም በገበያው ትልቁን ዋጋ።

ዲሴምበር 2024ን ብቻ እንይ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ግዢ ተፈጸመ። ቦስተን ሬድ ሶክስ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ አራት ልጆች ሰጥቶ ጋሬት ክሮሼን ወሰደ፣ ካይል ቲል፣ ብሬደን ሞንትጎመሪ፣ ቼስ ማይድሮት እና ዊክልማን ጎንዛሌዝ ናቸው የሄዱት። አሪዞና ዳይመንድባክስ ደግሞ ከድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ልጆችን በተራ የመምረጥ መብት) በቀር አንድም ልጅ ሳይሰጥ ኮርቢን በርንስን በ6 ዓመት 210 ሚሊየን ዶላር አስፈረመ። የዛን ጊዜ ጓደኞቼ ሁሉ ያሉት "ቦስተን ተዘረፈ፣ አሪዞና ጎበዝ" ነው፣ ምክንያቱም ዶላሩ የሌላ ሰው ነው፣ ልጆቹ ግን የኛ ናቸው ብለው ያስባሉ።

ውጤቱስ? ክሮሼ በ2025 የተከፈለው 3.8 ሚሊየን ነበር። 18 አሸነፈ፣ 5 ተሸነፈ፣ ኢአርኤው (በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በዘጠኝ ዙር፣ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ፣ ሲያንስ ነው የሚሻለው) 2.59፣ 255 ስትራይክአውት (በውርወራ ብቻ ያስወጣቸው መቺዎች)። ቦስተን ሲዝኑ ገና ሲጀመር በ6 ዓመት 170 ሚሊየን አስፈረመው፣ ከ2026 ጀምሮ የሚታሰብ፣ በዓመት ወደ 28 ሚሊየን ይመጣል። በርንስ በዓመት 35 ሚሊየን ነው፣ 11 ጨዋታ ጀምሮ ጁን ላይ ክርኑ ተበላሸና ኦፕራሲዮን ገባ፣ 2025 በዛው አለቀ፣ የ2026ም ግማሹ ይበላል። ደሞዙ ግን አይቆምም፣ ቤዝቦል ላይ የተፈረመ ብር ተፈረመ ነው፣ ሰውየው ወረወረም አልወረወረም ይከፈላል።

አዎ፣ በዛው ወር ያንኪስ ማክስ ፍሪድን በ8 ዓመት 218 ሚሊየን ገዝቶ የመጀመሪያው ዓመት ላይ 19 አሸንፎ 5 ተሸንፎለታል፣ አልካድኩም። ግን ከስምንቱ አንዱ ነው ያለቀው። የፍሪ ኤጀንት ፒቸር የመጀመሪያ ዓመት ብዙ ጊዜ ያምራል፣ ዋጋው የሚታወቀው አራተኛውና አምስተኛው ዓመት ላይ ነው፣ ይሄን ደግሞ ከዋሽንግተን ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ፓትሪክ ኮርቢን 6 ዓመት በ140 ሚሊየን ፈርሞ የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ 2019 ማለት ነው፣ የወርልድ ሲሪስ (የሻምፒዮናው ፍጻሜ) ሰባተኛውን ጨዋታ ከቡልፔን (ተቀያሪ ፒቸሮች ከሚጠብቁበት) መጥቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ ምንም ነጥብ ዘግቶ አሸነፈልን። ለዛ ምሽት እድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ። ከዛ በኋላ ግን 2021 ላይ 16 ጨዋታ፣ 2022 ላይ 19 ጨዋታ ተሸነፈ፣ የ2022 ኢአርኤው 6.31 ነበር፣ እና በየአምስት ቀኑ እየወጣ ይወረውር ነበር ምክንያቱም ያ ሁሉ ብር እየተከፈለው ማን ቤንች ላይ ያስቀምጠዋል።

ስቲቨን ስትራስበርግ ጋ ስንደርስ ያመኛል። 2009 ላይ የድራፍቱ አንደኛ ሆኖ መጣ፣ ጁን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 14 ስትራይክአውት አደረገ፣ በዛው ዓመት ክርኑ ሄደ፣ ተጠግኖ ተመለሰ፣ 2019 ላይ የወርልድ ሲሪስ ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። ከዛ ዲሴምበር ላይ 7 ዓመት 245 ሚሊየን። ከፊርማው በኋላ የተጫወተው 8 ጨዋታ ነው፣ 31 ኢኒንግ ከአንድ አውት (የኢኒንግ ሲሶ)። አካፍሉት፣ አንዱ ኢኒንግ ወደ 7.8 ሚሊየን ዶላር ይመጣል። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ሰውነቱ ነው እምቢ ያለው፣ ሊመለስ ያልሞከረው ነገር የለም፣ 2024 ላይ በይፋ ጡረታ ወጣ። እኔ የምለው ክለቡን ነው፣ ያ ብር ቢኖር ስንት ሰው ይገዛ ነበር።

ከአንድ ሰው በስተቀር ያልኩት ማክስ ሸርዘር ነው። ጃንዋሪ 2015፣ 7 ዓመት 210 ሚሊየን፣ ግማሹ ማለትም 105 ሚሊየኑ በኋላ የሚከፈል፣ በዓመት 15 ሚሊየን እስከ 2028። እሱ 2021 ላይ ለዶጀርስ ተሰጥቶ ሄዷል፣ ናሽናልስ ግን አሁንም እየከፈለው ነው፣ እና አንድም የናሽናልስ ደጋፊ ሲያማርር አልሰማሁም። ሁለት ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት)፣ በአንድ ዓመት ሁለት ኖ ሂተር (ተጋጣሚ አንድም ሂት ያላገኘበት ጨዋታ)፣ በአንድ ጨዋታ 20 ስትራይክአውት፣ በመጨረሻም ሻምፒዮና። ችግሩ ከሱ በኋላ ሁሉም ክለብ ሁለተኛ ሸርዘር ፍለጋ መግባቱ ነው። ኦሪጅናሉ አንድ ነበር፣ ከዛ በኋላ በዛው ዋጋ የተሸጠው አብዛኛው ፎርጂድ ነው። ቴክሳስ ጄኮብ ዲግሮምን በ5 ዓመት 185 ሚሊየን ገዝቶ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስድስት ጨዋታ ጀምሮለት ክርኑ ተቀደደ፣ እሱ እንኳ 2025 ላይ ተመልሶ አሪፍ ሆኗል፣ መሀል ላይ ግን ሁለት ሲዝን ሊጠጋ የከፈሉት ለሐኪም ቤት አልጋ ነው።

ስለ ጥገናው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ጓደኞቼ "ቶሚ ጆን የተሠራ ነው" ሲባሉ ወዲያው ይሸሻሉ፣ እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚሳሳቱት። ኦፕራሲዮኑ የተቀደደውን የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከክንድ ወይ ከጭን፣ በተወሰደ ጅማት መተካት ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ 1974 ላይ ነው መጀመሪያ ፒቸሩን ቶሚ ጆንን የሠራው፣ ስሙም ከሱ ነው፣ ራሱ ቶሚ ጆን ከዛ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፏል። ለመዳን ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ስለዚህ አንዴ ተጠግኖ ከተመለሰ በኋላ ሙሉ ሲዝን የወረወረ ወጣት አያስፈራኝም፣ ክሮሼ 2022 ላይ ተሠርቷል፣ የ2024 እና የ2025 የአሜሪካን ሊግ ሳይ ያንግ የወሰደው የዲትሮይቱ ታሪክ ስኩባል ኮሌጅ እያለ ተሠርቷል፣ ስትራስበርግ ራሱ ከ2010ሩ ጥገና በኋላ ስንት ዓመት አገልግሏል። የሚያስፈራው ሁለተኛው የክርን ጥገናና ቶራሲክ አውትሌት የሚሉት ነገር ነው፣ አንገትና ትከሻ መሀል ነርቩ የሚታፈንበት፣ የጎድን አጥንት እስከ ማውጣት የሚደርስ። ስትራስበርግን የጨረሰው እሱ ነው፣ ማት ሃርቪን የጎዳው እሱ ነው፣ ክሪስ አርቸርንም። በቅሎ ገዢ ጥርስ ገልጦ እንደሚያየው ፒቸር ገዢ የትከሻውን ታሪክ ይይ፣ የክርኑ ጠባሳ ብቻውን ዋጋ መቀነሻ እንጂ መሸሻ አይደለም።

አርቸርን ካነሳሁ አይቀር፣ በልጆች መግዛትም ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ የሱ ትሬድ (የተጫዋቾች ልውውጥ) ያሳያል። ጁላይ 2018 ፒትስበርግ ለታምፓ ቤይ ታይለር ግላስናውን፣ ኦስቲን ሜዶውስንና ሼን ባዝን ሰጥቶ ወሰደው። ኮንትሮል ነበረው፣ ደሞዙም ርካሽ ነበር፣ እኔ የምለውን ሁሉ ያሟላ ይመስላል አይደል፣ ግን ሰውየው ከ2016 ጀምሮ ኢአርኤው ከ4 በላይ ነበር፣ ዕድሜውም 29 ደርሷል። ስም ነው የገዙት። 2019 ላይ ኢአርኤው 5.19 ሆነ፣ 2020ን በኦፕራሲዮን ሙሉ በሙሉ አጣ፣ ግላስናው ግን ቆይቶ ከዶጀርስ ጋር 136.5 ሚሊየን ፈረመ።

ሌላው ብልሽት የአንድ ዓመት ኪራይ ነው፣ ኮንትሮሉ አንድ ዓመት ብቻ የቀረውን ሰው ማምጣት። ኦሪዮልስ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ይሄንኑ በርንስን ከሚልዋኪ ሲያመጣ ጆይ ኦርቲዝን፣ ዲኤል ሆልን እና የድራፍት ምርጫ ሰጠ። በርንስ ሥራውን በደንብ ሠራ፣ ፕሌይኦፉ ላይ ካንሳስ ሲቲን 8 ኢኒንግ ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረበት፣ ቡድኑ ግን ዜሮ አስቆጥሮ 1 ለ0 ተሸነፈ። በዊንተር ሄደ። ባልቲሞር በምትኩ ቻርሊ ሞርተንን በ15 ሚሊየን፣ ቶሞዩኪ ሱጋኖን በ13 ሚሊየን ለአንድ አንድ ዓመት ቀጠረ፣ የ2025 ውጤቱ 75 ድል፣ 87 ሽንፈት ነው። ማሊያ ለምትገዙም ይሄው ነው ምክሬ፣ አንድ ዓመት የቀረው ፒቸር ስም የተጻፈበት ማሊያ በ150 ዶላር እንዳትገዙ፣ ርካሽ ነው ብላችሁም ከማይታወቅ ዌብሳይት አታዙ፣ ፎርጂዱ ቁጥሩ ሁለተኛ እጥበት ላይ ይላጣል።

በትክክል የተሠራው ትሬድ ደግሞ እዚሁ ቤታችን አለ። ዲሴምበር 2011 ናሽናልስ ለኦክላንድ አራት ልጆች ሰጥቶ ጂዮ ጎንዛሌዝን አመጣ፣ ዕድሜው 26 ነበር፣ አራት ዓመት ኮንትሮል ነበረው፣ አንድ ወር ሳይሞላው በ5 ዓመት 42 ሚሊየን አስፈረሙት፣ በሚቀጥለው ዓመት 21 ጨዋታ አሸነፈ፣ እስከ 2018 ቆየ። ከተሰጡት ዴሪክ ኖሪስ አንዴ ኦል ስታር (ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ሆነ፣ ብራድ ፒኮክም ቆይቶ ሂውስተን ላይ አሪፍ ዓመት ነበረው፣ ይሁንላቸው፣ እኛ የምንፈልገውን አግኝተናል። ኦሪዮልስም ቢሆን ጁላይ 2024 ላይ ካይል ስቶወርስንና ኮነር ኖርቢን ለማያሚ ሰጥቶ ትሬቨር ሮጀርስን ሲያመጣ ሰው ሁሉ ተሳደበ፣ 2025 ላይ ሮጀርስ በ18 ጨዋታ 1.81 ኢአርኤ አስመዘገበ። ስቶወርስ ማያሚ ላይ ኦል ስታር ሆነ፣ ቢሆንም ባልቲሞር አልተዘረፈም፣ የጎደለውን ነው የገዛው።

ቤት ውስጥ ማሳደግን የምትሉኝ ሰዎች ፖል ስኪንስን ነው የምትጠሩት። ፒትስበርግ 2023 ላይ አንደኛ መርጦ 9.2 ሚሊየን ከፍሎ አስፈረመው፣ 2025 ላይ 1.97 ኢአርኤ ይዞ የናሽናል ሊግን ሳይ ያንግ ወሰደ፣ ከዚህ የረከሰ ግዢ የለም። ግን እሱን የሚያገኘው አንድ ክለብ ነው፣ በዕጣ። ናሽናልስ ላይ ደግሞ እዩት፣ ኬድ ካቫሊ ቶሚ ጆን፣ ጆሳያ ግሬይ ቶሚ ጆን፣ ዲጄ ኸርዝ ቶሚ ጆን። ለዛ ነው ፕሮስፔክት ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ ሰው የማይገባኝ፣ በተለይ ፒቸር ፕሮስፔክት። ዋጋ እያለው ሽጡት።

አሁን ለዘንድሮ ጥያቄያችሁ። ኦሪዮልስ ዲሴምበር 2025 ላይ ያንኑ ሼን ባዝን ከታምፓ ቤይ ሲያመጣ አራት ፕሮስፔክትና የድራፍት ምርጫ ከፍሏል፣ ብዙ ነው፣ የ2025 ኢአርኤውም 4.87 ነው። ግን ሦስት ዓመት ኮንትሮል አለው፣ ክርኑ 2022 ላይ ተጠግኖ በ2025 ከ160 ኢኒንግ በላይ ወርውሯል፣ ያንን ያህል የተመታውም ታምፓ የራሷ ስታዲየም ጣሪያው በአውሎ ነፋስ ተገንጥሎ ትንሹ የማይነር ሊግ ሜዳ ላይ ስትጫወት ነው። እኔ ብሆን እገዛው ነበር፣ ከሦስት ልጆች በላይ ግን አልሰጥም፣ እና ግማሽ ዓመት ሳይሞላ አስፈርመዋለሁ።

ስኩባልን አምጡ የምትሉ ግን ተዉኝ። 2026 ሲያልቅ ፍሪ ኤጀንት ነው፣ ዓለም ላይ ካሉት ፒቸሮች ምርጡ ቢሆንም የአንድ ዓመት ኪራይ ነው። ኮንትራቱን ከትሬዱ ጋር አብሮ የሚፈርም ከሆነ እንነጋገር፣ ካልሆነ ባልቲሞር አንድ ልጅ እንኳ አትስጥ፣ 2025 ላይ 96 ጨዋታ የተሸነፈችው ናሽናልስማ ስልክ መደወልም የለባትም፣ እሷ ለሁለት ሦስት ዓመት ሻጭ ናት።