ባለ 34 ጥርሱ ካሴት ከዘጠኝ ወር በኋላ

ካሴቱን፣ ማለትም የሳይክል የኋላ ጎማ ላይ የሚደረደሩትን ማርሾች፣ የገጠምኩት ቀን አፍሬ ነበር። አብረን የምንነዳው ጓደኛዬ የኋላ ጎማዬን አየት አድርጎ «ሰሃን ነው እንዴ የገጠምክበት?» አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ። አልፈርድባቸውም። ትልቅ የኋላ ማርሽ የደካማ ነው ብዬ እኔም ለዓመታት አምን ነበር።

ሳይክሌ የአስፋልት ናት። ፊት ለፊት 50 እና 34 ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሾች አሏት። ከኋላ ይዛው የመጣችው ካሴት ትንሹ ማርሹ 11፣ ትልቁ 28 ጥርስ ነበር። እሱን አውጥቼ ከ11 እስከ 34 የሚሄደውን አስገባሁ። የማርሾቹ ብዛት ያው 11 ነው።

ልዩነቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በድሮው ቀላል ማርሽ፣ ከፊት 34 ከኋላ 28፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላ ጎማው አንድ ዙር ከአንድ አምስተኛ ይዞራል። በአዲሱ ግን ከፊትም ከኋላም 34 ነው፣ 34 ለ34። አንድ ዙር ፔዳል፣ አንድ ዙር ጎማ። 2.1 ሜትር ገደማ ወደፊት ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ዳገቱ። አዘውትሬ የምወጣው 14 ኪሎ ሜትር ነው፣ ተዳፋቱ በአማካይ 7 በመቶ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ኪሎ ሜትሮች 10 በመቶ ናቸው፤ በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። እዚያ ስደርስ ፍጥነቴ በሰዓት ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በድሮው ማርሽ ይህ በደቂቃ 46 ዙር ነው። በአዲሱ 56።

አሥር ዙር ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ፍጥነቱ ያው ከሆነ የሚወጣው ኃይልም ያው ነው፤ የሚለወጠው በእያንዳንዱ ርግጫ እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። እሱ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ድሮ እዚያች ቦታ ላይ ከኮርቻ ተነስቼ፣ መሪውን እየጎተትኩ፣ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ እየዋለለ ነበር የምወጣው። ማታ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከፊት በኩል ይወጋኛል። አማርኛ ኃይሉንም መገጣጠሚያውንም ጉልበት ብሎ መጥራቱ ያለነገር አይደለም። ዳገት ላይ ሁለቱም እኩል ነው የሚያልቁት።

አሁን እዚያው ቦታ ተቀምጬ እወጣለሁ። ቀላል ነው አላልኩም። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ መሪው መሃል ላይ ጠብ ሲል እቆጥራለሁ። ግን ትንፋሼ ልክ አለው። ከአጠገቤ ሰው ካለ አጭር አረፍተ ነገር መመለስ እችላለሁ። ውጋቱም ከሁለተኛው ወር ወዲህ አልተመለሰም።

በሰዓት ግን ተአምር አትጠብቁ። ድሮ 1 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን 1 ሰዓት ከ33። ከአራቱ ደቂቃ ስንቱ የካሴቱ፣ ስንቱ የዘጠኝ ወር ልምምድ እንደሆነ መለየት አልችልም። የማርሹን ጥቅም ያየሁት በማግስቱ ነው፤ ሳይክል ላይ መውጣት አያስጠላኝም።

«ፕሮፌሽናሎቹ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አይፈልጉም» የሚል ክርክር በየጊዜው ይገጥመኛል። አልፕ ዱዌዝን እንውሰድ፣ 21 ኩርባ ያለውን የፈረንሳይ ዳገት። ርዝመቱ ከእኔው ጋር ይቀራረባል፣ ወደ 14 ኪሎ ሜትር። ተዳፋቱ በአማካይ 8 በመቶ ነው። እነሱ በ40 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሱታል። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ፍጥነት የእኔን 34 ለ34 ቢጠቀሙ እግራቸው እንደ ቡና መፍጫ ይሽከረከራል። ማርሽ የሚመረጠው በወኔ አይደለም፣ በፍጥነት ነው። እኔ በእነሱ ፍጥነት እስካልወጣሁ ድረስ የእነሱ ማርሽ ለእኔ አይሆንም። ደግሞስ ማርሽ መቀየሪያ ራሱ ቱር ደ ፍራንስ ውስጥ የተፈቀደው በ1937 ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በፊት ተራራው ሥር ወርደው የኋላ ጎማ ፈትተው ይገለብጡ ነበር፤ በዚያኛው ጎን ሌላ ማርሽ ስላለ። ያኔም መቀየሪያው የደካማ ነው ባይ አልጠፋም።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ሜዳ ላይ ይህ ካሴት ያናድዳል። የድሮው ከ11 ጀምሮ እስከ 15 ድረስ አንድ አንድ ጥርስ እየጨመረ ነበር የሚሄደው። አዲሱ 11፣ 13፣ 15 እያለ ይዘላል። 12 የለም፣ 14 የለም። ከቡድን ጋር በነፋስ ላይ ስትነዱ አንዱ ይከብዳል፣ ቀጣዩ ይቀላል። መሃል ያለውን ስፈልግ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲመላለስ ይውላል። እስካሁን አልለመድኩትም።

ሲገጠምም ጣጣ አለው። መጀመሪያ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው 34 ጥርስ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፤ አጭር ክንድ ያላቸው ብዙዎቹ አይችሉም። ካቴናውም መርዘም አለበት። አጭሩን ሳትቀይሩ በስህተት የፊቱን ትልቅ ማርሽ ከኋላው ትልቅ ካገናኛችሁት መቀየሪያው ሊሰበር ይችላል። እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ተዘጋጅቼ፣ በቀለበት ተሸወድኩ። የገዛሁት ዓይነት ጠበብ ብሎ ስለሚሠራ ባለ 11 ማርሽ የአስፋልት ጎማ ላይ ሲገባ ከኋላው ክፍተቱን የሚሞላ 1.85 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ይፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼው አጥብቄ ወጣሁ። ካሴቱ እየተወዛወዘ ኳ ኳ ሲል ጎማው የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ትልቁ ማርሽ ላይ ጭርር የሚል ድምፅ ነበር። የመቀየሪያው ትንሿ ጎማ ከ34ቱ ጥርስ ጋር እየተሻሸች ነው። ከመቀየሪያው ኋላ ያለችውን ብሎን ሁለት ዙር ባጠብቃት ዝም አለ።

ክብደቱ? ከድሮው 90 ግራም ገደማ ይበልጣል። ከጠርሙሴ ሁለት ሦስት ጉንጭ ብጠጣ ይካካሳል። መበላቱን በተመለከተ፣ በዘጠኝ ወር አንድ ካቴና ቀይሬያለሁ፤ መለኪያው በ0.5 በመቶ መርዘሙን ሲያሳየኝ ወዲያው። ጥርሶቹ አሁንም ደህና ናቸው። ትልልቆቹማ ጫናውን ብዙ ጥርስ ስለሚካፈለው ቶሎ አይበሉም።

ረጅም ዳገት የምትወጡ ከሆነ ዳገቱ የሚብስበት ቦታ ላይ በደቂቃ ስንት ዙር እንደምትረግጡ አንድ ቀን ቁጠሩ። ከ60 በታች ሆኖ ጉልበታችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ግዙት። ሜዳ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ይቅርባችሁ።

የድሮው ካሴት ተጠርጎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አለ። ረጅም የሜዳ ጉዞ ሲመጣ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሁለቴ መጣ። ሁለቴም ሰነፍኩ።