ለጥቅምት ውርጭ የሚያስብ የልብስ መደብር፦ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ላይ ፋሽን ተከትሎ መልበስ ከወራቱ ጋር መጣላት ነው። የፓሪስና የሚላኖ ዲዛይነሮች የብርድ ወራት ልብሳቸውን በየካቲት፣ የሙቀት ወራቱን ደግሞ በመስከረም ለትርኢት ያቀርባሉ፤ ልብሱ ገበያ የሚወጣው ግን ከወራት በኋላ፣ በአውሮፓ የአየር ጠባይ ልክ ነው። የእኛም ነጋዴዎች ያንኑ ተከትለው ያመጣሉ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ፣ ጭቃውና ጉሙ ከቤት አላስወጣ ባለበት ሰሞን፣ እጅጌ የሌለው ስስ ቀሚስ በየመደብሩ ተሰቅሎ እናያለን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ይህን ለማን ብለው ነው?

በደሴ መንገድ ዳር ያለችው ጠባብ የሴቶች ልብስ መሸጫ ከዚህ የተለየች ናት። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ገና ስትገቢ «ምን ልስጥሽ?» አይሉም። «ቤትሽ ምን አለ?» ይላሉ። ያለሽን ሹራብና ጉርድ ቀሚስ በፌስታል ይዘሽ ብትሄዲ አንድ በአንድ ዘርግተው ያዩታል፤ የጎደለውን ብቻ ያወጡልሻል። ላማከሩበት ገንዘብ አይቀበሉም፤ ለማሳጠርና ለማጥበብ ብቻ ያስከፍላሉ። አንዳንዴም ምንም ሳይሸጡልሽ ይሸኙሻል። ይህን የሚያደርግ ሌላ ነጋዴ አላውቅም።

እኔ የሄድኩት ቡናማ ካፖርት ፈልጌ ነበር። የቀለም ምርጫ በማውጣት የታወቀው ፓንቶን ለ2025 (እ.ኤ.አ.) «ሞካ ሙስ» ያለውን ለስላሳ ቡናማ ከመረጠ ወዲህ ቀለሙ በየቦታው አለ። እትዬ ሁለት ካፖርት አወጡልኝ፤ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከዚያ የሁለቱንም እጅጌ ገልብጠው አሳዩኝ። የመጀመሪያው ገበሩ ትከሻው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች የጨርቁ ጫፍ ሳይጠቀለል ተተርትሮ ይታያል፤ ሙሉ በሙሉም ፖሊስተር ነው። ሁለተኛው እስከ እጁ ጫፍ ድረስ የሚያንሸራትት ገበር አለው፤ ስለዚህ ከውስጥ የለበስሽውን ሹራብ እየጎተተ ብብት ስር አይሰበስብብሽም። ምልክቱ 60 በመቶ ሱፍ ይላል። የሱፍ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱም የሚቆየው በዚያ አየር ነው። ጤዛና ላብ ቢመጥም ቶሎ ርጥበቱ አይሰማም። ለውርጭ ማለዳ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? 5,200 ብር ከፈልኩ፤ አልጸጸትም።

«ልጄ፣ ጥቅምት በአንድ ወፍራም ልብስ አይታለፍም፤ በሦስት ስስ ነው እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛ ብርድ እንደ አውሮፓው ቀኑን ሙሉ አይቆይም፤ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ ከሥር አንገቱ የሚታጠፍ ስስ የጥጥ ሹራብ፣ በላዩ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሰፋ ያለ ሸሚዝ፣ ከዚያ ካፖርቱን አስለበሱኝ። ሸሚዙ ድሮም የነበረኝ ነው። ያው ቀለም በ2024 (እ.ኤ.አ.) የብርድ ወራት ፋሽን ስለነበር ከቡናማው ጋር ሲሆን አዲስ የተገዛ ይመስላል።

አለባበሱን ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ፈተንኩት። እህቴ እዚያ ስላለች መንገዱን አዘውትሬ እሄድበታለሁ፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ጉዞ ከደጋ ቆላ ያስገባል። ጣርማ በር ላይ ካፖርቱ እስከ አንገቴ ተቆልፏል። ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ካፖርቱን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ሮቢት ስገባ ሸሚዙን እንደ ጃኬት ከፍቼ በስሱ ሹራብ ብቻ ቀረሁ። ያም ሆኖ አለባበሴ ያላለቀ አይመስልም ነበር፤ እያንዳንዱ ድርብ ለብቻውም ያምራልና።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ሻርፑ ነው። ከመንዝ በግ ሱፍ የተሠራ፣ ቀለም ያልተነከረ፣ በጉ ራሱ የሰጠው ቡናማ ነው። የመንዝ ሱፍ ሸካራ ስለሆነ አንገት ይኮሰኩሳል፤ ባና የሚለብስ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ታዲያ አንገት በሚነካው በኩል አንድ ጋት ስፋት ያለው ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሰፍተውበታል። ስፌቱ ከውጭ አይታይም። ከሩቅ አገር የመጣን ቀለም ከደጃችን ሱፍ ጋር አዛምዶ ማልበስ ሙያ ነው፤ ሌሎች የከተማችን መደብሮችም ቢያስቡበት ምንኛ ደስ ባለኝ።

የማልወደውም አለ። ዋጋ አልተለጠፈም፤ እያንዳንዱን መጠየቅ ያሳፍራል፣ በተለይ ገንዘቧ ውስን ለሆነች ተማሪ። መስታወቱ ከጉልበት በታች አያሳይም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሁን የተያዘው ሰፊ ሱሪ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እግር ላይ ነውና። እኔም ከእሳቸው የገዛሁትን ሱሪ ቤቴ ደርሼ ሳየው ጫፉ መሬት ይጠርጋል፤ ለክረምት ጭቃ የማይሆን ነው። መልሼ ወስጄው እትዬ ያለ ክፍያ አሳጠሩልኝ፤ መስታወቱ ሙሉ ቢሆን ግን ምልልሱ ባልኖረ ነበር። የጫማ ምርጫቸውም ደካማ ነው። ቦት ጫማ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሱትንም አማክሯቸው። ረጅም ካፖርት ከሐበሻ ቀሚስ በላይ ሲለበስ የቀሚሱ ጥለት ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ወይም ጨርሶ እንዲሸፈን ያደርጋሉ፤ ግማሹ ተቆርጦ እንዲቀር አይፈቅዱም። ነጠላው ከካፖርቱ በላይ ይሆናል።

ለመሄድ የሚመቸው ከመስቀል በኋላ ባለው ሰሞን ነው፤ አዲሱ ሹራብና ካፖርት በሙሉ ይገባል፣ መደብሩም አይጨናነቅም። ለገናና ለጥምቀት የምትፈልጉትን ግን በኅዳር ስጡ። ልብስ ሰፊዋ አንዲት ብቻ ስለሆነች፣ ዘግይቶ የገባ ልብስ ለበዓሉ አይደርስም።