ሞንጎዲቢ ላይ ትልቁን ዋጋ ለማውጣት እንዴት ነው?
ቱሉ ዲምቱ ላለ የብረትና ሲሚንቶ መጋዘን ሲስተም የምንሰራው በሞንጎዲቢ (ዳታ ማስቀመጫ ዳታቤዝ) ነው፣ ባለቤቱ ሁሌ የሚጠይቀው "እስካሁን ትልቁ ሽያጭ ስንት ነው" ስለሆነ እሱን ላውራ። ዋጋውን ከትልቅ ወደ ትንሽ ሶርት አርጎ ሊሚት 1 (የመጀመሪያዋን ብቻ መልስ ማለት) ነው፣ በቃ። ዋጋው የተቀመጠበት ፊልድ ላይ ኢንዴክስ (በቅደም ተከተል የተደረደረ ማውጫ) ካለ ከጫፍ አንዷን ብቻ አንብቦ ይመልሳል፣ ከሌለ ግን ኮሌክሽኑን (የሽያጭ መዝገቦቹን ስብስብ) በሙሉ ነው የሚያስሰው። ለየቅርንጫፉ ከፈለጋችሁ በቅርንጫፍ ግሩፕ አርጋችሁ ማክስ (ትልቁን) መውሰድ ነው። አደራ የምለው ዳታ ታይፑን (የዳታውን ዓይነት) ነው፣ ዋጋ በስትሪንግ (እንደ ጽሑፍ) ከገባ የሚወዳደረው ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ስለሆነ "900" ከ"12000" በልጦ ቁጭ ይላል፣ ከቁጥር ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ስትሪንጉ ሁሌ ከቁጥሩ በላይ ነው የሚወጣው። ሞንጎዲቢ ስኪማ ቫሊዴሽን (የሚገባውን ዳታ ዓይነት የሚፈትሽ ደንብ) ስላለው ግን ገና ሲገባ ማገድ ይቻላል፣ ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ። ኔት ቢጠፋም ኮሚዩኒቲ ኤዲሽኑ እዛው መጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ በነፃ ይሰራል።