በ.40 ግሎክ 23 ላይ የ9 ሚሊሜትር አፈሙዝ፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

የምኖረው ቨርጂኒያ ሲሆን፣ ለዒላማ ተኩስ ልምምድ የምጠቀመው በ.40 ካሊበር (የጥይት ስፋት መለኪያ) የተሠራ ግሎክ 23 ሽጉጥ ነው። የ.40 ጥይት ከ9 ሚሊሜትሩ ስለሚወደድ፣ ሁለተኛ ሽጉጥ ከመግዛት ካሊበር መቀየሪያ አፈሙዝ መግዛትን መረጥኩ፤ በዘጠኝ ወር ውስጥም ወደ 1,400 የሚጠጉ የ9 ሚሊሜትር ጥይቶች ተኩሼበታለሁ።

ቅየራው ሽጉጡን ለጽዳት ከመፍታት የተለየ ድካም የለውም። ይሁንና የግሎክ 19ን፣ ማለትም የ9 ሚሊሜትሩን አቻ ሽጉጥ አፈሙዝ እንዳለ አምጥቶ መግጠም አይቻልም፤ የ.40ው ስላይድ (ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል) ቀዳዳ ሰፊ በመሆኑ መቀየሪያው ውስጡ 9 ሚሊሜትር፣ ውጪው ግን ወፈር ያለ ሆኖ ይሠራል።

ችግሩ ያለው ቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ቅርፊት ላይ ነው። የ.40 ቀለህ ቂጡ 10.8 ሚሊሜትር ገደማ ሲሰፋ የ9ኙ ወደ 10 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ለትልቁ የተሠራው ቀለህ አውጪ ትንሹን አጥብቆ አይዝም። ካዝናውም (የጥይት መያዣው) ለትልቁ ጥይት የተሠራ ነው፤ በነባሩ የ.40 ካዝና በተኮስኳቸው የመጀመሪያዎቹ 300 ጥይቶች ሽጉጡ ሰባት ጊዜ ነከሰ፣ ማለትም ተቀርቅሮ ቆመ፤ የግሎክ 19 ካዝና ከገዛሁ በኋላ ግን በቀሩት ሁሉ የነከሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የካዝናውን ወጪ ከመጀመሪያው አለማሰቤ የራሴ ስንፍና ነበር።

ከጓደኛዬ ተውሼ የሞከርኩት የ.357 ሲግ አፈሙዝ በዚህ ረገድ ይበልጣል። በ1994 የወጣው ይህ ጥይት የ.40ው ቀለህ አንገቱ ጠብቦ የተሠራ ያህል በመሆኑ በነባሩ ካዝና ይሠራል፤ 100 ስተኩስ አንድም አልነከሰም። ነገር ግን ድምፁ ጆሮ መከላከያ አልፎ ይሰማል፣ ዋጋውም ከ.40ው ይብሳል፤ ስለዚህ ለእኔ ዓላማ አልሆነም።

በ9 ሚሊሜትሩ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም የእጅ ዕረፍት ነው። 180 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) እርሳስ ይተፋ የነበረው ሽጉጥ 115 ግሬን ሲተፋ ርግጫው ስለሚለዝብ፣ ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ብዙም ሳይርቅ ያርፋል። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይም ወኪሎቹ ከተገደሉበት ከ1986ቱ የማያሚ ተኩስ በኋላ ወደ 10 ሚሊሜትርና ወደ .40 ጥይት ሄዶ፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 ሚሊሜትር ለመመለስ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው በፍጥነት አነጣጥሮ የመተኮስ ጉዳይ ነበር።

አፈሙዙ በጥይት ዋጋ ልዩነት ወጪውን በሰባተኛው ወር መልሶልኛል። ቤት ስመለስ ግን፣ ሽጉጡን ካዝናው ውስጥም ሆነ አፈሙዙ ላይ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጬ ነባሩን እገጥምና ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ፤ ሁለት ጊዜም ቢሆን የነከሰን ነገር ከልምምድ ሜዳ ውጪ አላምነውም። ሁለቱን ጥይቶች በተለያየ ሣጥን አስቀምጣለሁ፤ ከማጉረሴ በፊትም አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ካሊበር አነባለሁ።