ዱባ ወይስ ዝኩኒ? ቶፉስ የትኛው? ለጾም የኑድልስ ጥብስ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት

የኑድልስ ጥብስ ቤት ውስጥ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ መጥበሻው ላይ ውሃ ይበዛል። ዱባው ውሃ ያወጣል፣ ቶፉው (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው አይብ መሰል ምግብ) ውሃ ይዞ ይገባል፣ ኑድልሱ ሳይጠፈፍ ይጨመራል። የቤት ምድጃ ያን ሁሉ ውሃ ቶሎ የሚያተንበት አቅም ስለሌለው ጥብስ የተባለው ወጥ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ዕቃዎች ስናነጻጽር የምንጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ብር ነው?» ሳይሆን «ምን ያህል ውሃ ይዞ ይመጣል?» የሚለው ነው። መጠኖቹ ሁሉ ለ4 ሰው ናቸው፦ የተላጠና የተቆረጠ 400 ግራም ዱባ ወይም ዝኩኒ፣ 300 ግራም ቶፉ፣ 250 ግራም ደረቅ ኑድልስ።

ኑድልስ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። 8 ደቂቃ የሚል ስፓጌቲ እዚህ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ሰዓት ከማየት አንዱን ክር ነክሶ መሃሉን ማየት ይሻላል፤ ነጭ ነጥብ ካለ አልበሰለም።

| ዓይነት | አዘገጃጀት | ለጾም | ምን ያበላሸዋል |
|---|---|---|---|
| የሩዝ ኑድልስ | ለብ ባለ ውሃ 30–40 ደቂቃ መዘፍዘፍ | ይሆናል | መጥበሻ ላይ ይጣበቃል፣ ይቆራረጣል |
| ፈጣን ኑድልስ | 1 ደቂቃ ተኩል መቀቀል | የማጣፈጫው ግብዓት ይታይ | ይሟሽሻል፣ ጨው ይበዛበታል |
| ቀጭን ስፓጌቲ | በቤኪንግ ሶዳ መቀቀል | አብዛኛው ይሆናል | ሶዳው ሲበዛ ይመራል |
| ቢጫ የእንቁላል ኑድልስ | እንደ ማሸጊያው፣ ትንሽ ጨምሮ | አይሆንም | ሳይለቀለቅ ሲቀር ይጋገራል |

ለኤሌክትሪክ ምድጃ የምንመርጠው የሩዝ ኑድልስ ነው፤ ስፋቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለውን ጠፍጣፋውን። የሚለሰልሰው በመዘፍዘፍ ስለሆነ የውሃው መፍያ ዝቅ ማለቱ አያስቸግረውም። ጣት ላይ ሲጠቀለል ሳይሰበር ከታጠፈ፣ መሃሉ ግን ገና ጠንከር ካለ፣ በቅቶታል። ወንፊት ላይ 10 ደቂቃ ይጠፈፍ፤ የቀረውን መጥበሻ ላይ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር በ2 ደቂቃ ይጨርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፈላ ውሃ ሲቀቅለው ነው፤ ያኔ ገንፎ ይሆናል። በቦሌ መስመር የቻይና ሸቀጥ የሚይዙ ሱቆችና ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ይገኛል፤ በየሰፈሩ ሱቅ ግን አይጠብቁት።

ኢንዶሚ እየተባለ በጅምላ የሚጠራው ፈጣን ኑድልስ በየሱቁ አለ። ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት በስሎ፣ በዘይት ተጠብሶ የደረቀ ስለሆነ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ችግሩም ይኸው ነው። የተጻፈውን 3 ደቂቃ ሙሉ ከቀቀሉት መጥበሻ ላይ ሲገላበጥ ይፈርሳል። ቶሎ አውጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅና ማጥለል ያስፈልጋል። 70 ግራም የሚመዝነውን ከገዙ 4 ፓኬት ይበቃል። አራቱንም የማጣፈጫ ከረጢት አይጨምሩ፤ ሶያ ሶስ ሲጨመርበት አይበላም። የዶሮ ጣዕም የሚለውን ለጾም ከመግዛትዎ በፊት ግብዓቱን ያንብቡ።

ስፓጌቲ የሚናቅ አይደለም። ከሁሉም ቀጭኑን መርጠው ይግዙ። ውሃው ሲፈላ በየሊትሩ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቀስ ብለው ይጨምሩ፤ አንዴ ከተገለበጠ አረፋው ድስቱን አልፎ ምድጃ ላይ ይፈሳል። ሶዳው ሊጡን ያጠነክረዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፣ የኑድልስ ዓይነት መለጠጥም ይሰጠዋል። ሲበስል በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ካልታጠበ የሳሙና ጣዕም ይተዋል። ቤኪንግ ፓውደር ይህን ሥራ አይሠራም፤ ሱቅ ሲጠይቁ ሁለቱ እንዳይምታቱ። ገንዘብ መቆጠብ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከፈጣን ኑድልስ ይልቅ ይህን እንመክራለን፤ በዘይት ያልተጠበሰ ስለሆነ ሶሱንም በደንብ ይይዛል።

ስለ ቢጫው ኑድልስ አንድ ነገር፦ ቢጫነቱ ከእንቁላል ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሶዳ ካለ የአልካሊ ጨውም ሊመጣ ይችላል። ለጾም የሚገዛ ሰው በቀለሙ ከመፍረድ የግብዓቱን ዝርዝር ያንብብ።

ቶፉ

ለጥብስ የሚሆነው ጠንካራው ነው። በካርቶን ታሽጎ ከፍሪጅ ውጪ የሚቀመጠው ለስላሳው ቶፉ ለሾርባ ጥሩ ነው፤ መጥበሻ ላይ ግን ማንኪያ ሲነካው ይበተናል። ርካሽ ሆኖ ቢያገኙትም ለዚህ ምግብ አይግዙት። በፕላስቲክ የታሸገውን ጠንካራውን ሲገዙ ማሸጊያው ተነፍቶ እንዳይሆን፣ ውስጡ ያለው ውሃም እንዳይደፈርስ ይዩ። ሲከፈት ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው ወይም ላዩ ከተሙለጨለጨ ይጣል። ከተከፈተ በኋላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ፍሪጅ ይቀመጣል፤ ውሃው በየቀኑ ከተቀየረ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል።

ማድረቁ ከመግዛቱ እኩል ይመዝናል። ቶፉውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው በሁለት ዝርግ ሳህን መሃል ያስቀምጡ፣ ላዩ ላይ 2 ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ አጋድመው 25 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በ2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ያልብሱት። ስታርቹን የሚያለብሱት ልክ ሊጠብሱት ሲሉ መሆን አለበት፤ 10 ደቂቃ ከቆየ እርጥበት ስቦ ሙጫ ይሆናል። በ3 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ዘይት ላይ ሲያደርጉት መጀመሪያ ይጣበቃል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው፤ በማንኪያ ሲፍቁት ቆዳው መጥበሻው ላይ ይቀራል። 3 ደቂቃ ሳይነኩት ይቆዩ። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን፣ መጥበሻውን ነቅነቅ ሲያደርጉት ራሱ ተላቆ ይንሸራተታል። ያኔ ይገልብጡት። ሁሉም ጎን እስኪደርስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡትና መጨረሻ ላይ ይመልሱት።

ቶፉ ብዙ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ፍሪዘር ውስጥ ቢያደርገው ጉዳት የለውም። በረዶው ውስጡን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ሲቀልጥ እንደ ስፖንጅ በእጅ ይጨመቃል፣ ሶሱንም ይመጥጣል። ከለስላሳነቱ ግን ይጎድላል። መብራት ጠፍቶ አንዴ ከቀለጠ ዳግም ከማስቀመጥ አብስሎ መጨረስ ይሻላል።

ከውጭ የመጣው ቶፉ ከዝርዝሩ ሁሉ ውዱ ዕቃ ስለሆነ ቤት የመሥራቱን መንገድ ማነጻጸር ግድ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ የሚገኝ 250 ግራም አኩሪ አተር በግምት 350 ግራም ቶፉ ይወጣዋል። ሌሊቱን ለ12 ሰዓት ያህል ይዘፈዘፍ፣ በ2 ሊትር ውሃ ይፈጭ፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጨመቅ። ወተቱ ሲፈላ እንደ ላም ወተት በአንዴ ስለሚገነፍል ድስቱ ሰፊ ይሁን። በዝግታ እሳት እያማሰሉ 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ የእኛ ውሃ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ያለውን ሆድ የሚያውክ ነገር ለማጥፋት ጊዜው አይቀነስ። ከእሳት አውርደው 5 ደቂቃ ሲያርፍ 60 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው በሦስት ዙር ይጨምሩ። እርጎ መስሎ ሲቆራረጥና ውሃው ጠራ ብሎ ሲለይ በጨርቅ አጥልለው ክብደት ጭነው 30 ደቂቃ ይጫኑት። ውሃው ካልጠራ ትንሽ ሎሚ ይጨመር። የሎሚው ቶፉ ጣዕሙ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ጥብሱ ላይ ግን አይሰማም።

አደራ፦ ቶፉ በጂፕሰም ይረጋል ሲባል ሰምቶ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ጄሶ የሚገዛ ሰው እንዳይኖር። ለምግብ የሚሆነው በሌላ ደረጃ የተጣራ ነው፤ የግንባታው ጄሶ አይበላም።

ቶፉም አኩሪ አተርም ሲታጣ የሶያ ሥጋ የሚሉት ደረቅ የአኩሪ አተር ቁራጭ ይተካል። በሙቅ ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ ውሃው እስኪያልቅ በእጅ ጨምቆ መጥበስ ነው። ጣዕሙ ሌላ ነው፤ ውሃ አለማውጣቱ ግን ይመሰገናል።

ዱባና ዝኩኒ

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ የመሃል ከተማ ሰው የሚገዛው ከሰፈር ጉሊት፣ ከሾላ ወይም ከእሁድ ገበያ ነው። ዱባ በሁሉም አለ፣ ዝኩኒ እንደ ቀኑ ነው።

ዝኩኒ 95 በመቶው ውሃ ነው። ትልቁ ዝኩኒ ዋጋው የሚያዋጣ ይመስላል፤ መሃሉ ግን ፍሬና ስፖንጅ ስለሆነ ግማሹ ተቆርጦ ይጣላል። ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውን፣ ልጡ የሚያብለጨልጨውን ይምረጡ። ለሁለት ሰንጥቀው የመሃሉን በማንኪያ ያውጡ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ይቁረጡ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው 15 ደቂቃ ያቆዩትና በፎጣ ይጥረጉ። እሳት ላይ 2 ደቂቃ ይበቃዋል።

ዱባ ጥቅጥቅ ካለ ይሻላል፤ የእኛም ምርጫ እሱ ነው። ሙሉውን ሲገዙ ለመጠኑ የሚከብደውን፣ አገዳው የደረቀውን፣ ቅርፊቱ በጥፍር የማይበሳውን ይውሰዱ። በቁራጭ ሲገዙ ሥጋው ወፍራምና ደማቅ ብርቱካንማ ይሁን። ፈዛዛ ቢጫውና ፍሬው ዙሪያ ጭራ የበዛበት ለወጥ ይሂድ። ቅርፊቱና ፍሬው ሲወጣ ብዙ ስለሚቀንስ ለ400 ግራም ወደ 600 ግራም ማስመዘን ነው። ልጠው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርገው ይቁረጡ፦ ከዚያ ሲወፍር ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ሲሳሳ ይፈርሳል። መጥበሻ ላይ ሳይደራረብ አንዱን ጎን 3 ደቂቃ፣ ሌላውን 2 ደቂቃ ይጥበሱና ያውጡት። ከኑድልሱ ጋር አብሮ ከተማሰለ ንፍሮ ይመስላል።

ሙሉ ዱባ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ወራት ይቆያል። ዝኩኒ ግን በሳምንት ይበላሻል። ለሁዳዴ አስቀድሞ ለሚሸምት ሰው ይህ ብቻውን ይወስናል።

መጥበሻ

ዎክ የሚባለው ክብ ታች ያለው የቻይና መጥበሻ ለጋዝ ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚነካው መሃሉ ብቻ ስለሆነ ጎኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ለኤሌክትሪክ ታቹ ጠፍጣፋና ወፍራም የሆነ፣ 28 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የብረት መጥበሻ ይግዙ። ታቹ ዝርግ የሆነ፣ ቆሎ ሲቆላበት የኖረ ብረት ምጣድ ቤት ካለ ግን ምንም መግዛት አያስፈልግም፤ ዘይት የጠገበ ስለሆነ ቶፉ አይዝም። ስስ አሉሚኒየም አይሆንም፦ ቀዝቃዛ ነገር ሲገባበት ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል፣ የሩዝ ኑድልስም ይጣበቅበታል። የማያጣብቀው ቴፍሎን ለቶፉ ይመቻል፤ ባዶውን በኃይለኛ እሳት ማጋል ግን ሽፋኑን ስለሚጎዳ ዝኩኒ የሚፈልገውን እሳት አይሰጥም። ኢንዳክሽን ምድጃ ያለው ሰው ማግኔት ይዞ ይሂድ፤ ታቹ ላይ ካልተጣበቀ ምድጃው አይቀበለውም።

የብረቱን መጥበሻ በሙሉ እሳት 4 ደቂቃ ያግሉ፣ ሁሉንም በሁለት ዙር ከፍለው ይጥበሱ። ሽንኩርት እንደ ወጥ አይቁላላ፤ የሚያወጣው ውሃ የተደከመበትን ያበላሻል። በቁመቱ ቀጭን ተቆርጦ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ከዚያ በኋላ 30 ሰከንድ።

ሶስና ዘይት

ለዚህ መጠን ፈዘዝ ያለው ሶያ ሶስ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ፈጣን ኑድልስ ከሆነ 1። ጥቁሩ ለቀለም ነው፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ አያስፈልግም። የኦይስተር ሶስ ከባሕር እንስሳ የሚሠራ ስለሆነ ለጾም አይሁን።

ዘይት ላይ የሱፍ ዘይት ይሻላል፦ የተጣራው ከ220 ዲግሪ በላይ ሳይጨስ ይችላል። የሚረጋው የፓልም ዘይትም እሳት ይችላል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ትኩሱን ለሚበላ ልዩነቱ አይታይም። ምሳ ዕቃ ውስጥ ቀዝቅዞ ለሚበላ ግን ኑድልሱ ላይ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ያልተጣራ ኑግና ሰሊጥ ቶሎ ስለሚጨሱ መጥበሻ አይጀመርባቸውም፤ የሰሊጡ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ምድጃው ከጠፋ በኋላ ይፈስስበታል።